ብርቱካኑን ፖም አደረግኩት

ጃንዋሪ 5

ከበዓል መልስ የመጀመሪያው የሥራ ቀን። ቢሮው ቀዝቅዟል። ዚሲስ ካፖርቱን እንደለበሰ የደንበኞችን ቅሬታ ጮክ ብሎ ያነብልናል። አለቃችን ድምፁ የሚያምረው ሲናደድ ነው።

«‹ስድስት ዓመት ያሰለጠንኩት አጥቂ ልምምዴን አላደነቅክልኝም ብሎ ልልቀቅ አለኝ። ቃል እገባልሃለሁ የሚለውን ተጫንኩለት። በማግስቱ ደስተኛ ነው። ይሄ ሰው ነው ወይስ የቡና ማሽን?› አያችሁ? የቡና ማሽን ተባልን!»

ሰውየው ልክ ነው። እኛ በምንሠራው «ፓንጎስ» የኮምፒውተር እግር ኳስ ጌም ውስጥ የሚጫወት ሁሉ አሰልጣኝ ነው፤ በእውን ያሉ ተጫዋቾችን በስማቸው ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ያሰልፋል፣ ያባርራል። ከዓመት ዓመት ብዙ አሻሽለናል፤ ዝናብ ሲዘንብ ሣሩ እንኳን ይጨቀያል። ተጫዋቹ «ልሂድ» ብሎ ሲመጣ ግን ዛሬም ሦስት መልስ ብቻ ነው ያለው፦ እሺ፣ እምቢ፣ ቆይ። የሚያኮርፈውም የሚታረቀውም እንደ ሕፃን ልጅ ነው።

ዚሲስ ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ። የፀደዩ ቅጂ ከመውጣቱ በፊት ማለቅ አለበት።

«ኢቫንቲያ፣ አንቺ የተጫዋች እህት ነሽ። ከአንቺ በላይ ማን ያውቃል?»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ጃንዋሪ 6፣ ማታ

ጥምቀት፤ ግሪክ ሁሉ ዛሬ ዝግ ነው። እናታችን ቤት፣ ካላማሪያ፣ ምሳ በላን። ወንድሜ ቲሚዮስ አሰልጣኙ አንድ ቀን ፈቅዶለት አስትራፒ ከሚባለው ክለቡ፣ ከፓሊዮስካላ ከተማ መጥቶ ነበር። ሳህኑን ነካ ነካ አድርጎ ተወው።

«አስትራፒ ቤት አያበሏችሁም እንዴ?» አለችው እናቴ።

«ያበሉናል፣ እማ። እዚያ ከተማ የማያበላኝ የለም።»

ሲመሽ በመኪናው አደረሰኝ። ደጃፌ ላይ ሞተሩን አጠፋ። «ውረጂ» አላለኝም። መኪናው ውስጥ የሆነ የሻገተ ነገር ይሸታል።

«ኢቫ፣ ከአስትራፒ መሄድ እፈልጋለሁ።»

አንድ የቀርጤስ ቡድን ይፈልገዋል። አሰልጣኙ ራሱ ደውሎለታል፤ በቦታው፣ በግራ ተመላላሽ ተከላካይነት ሊያጫውተው ነው። እዚህ ከመኸር ጀምሮ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው ያለው። ቡድኑ ከሊጉ የወረደ ጊዜ ሌሎቹ ሲበታተኑ እሱ ስለቀረ ደጋፊው «የእኛ ልጅ» ይለዋል፤ የእኛ ልጅ ግን አይሰለፍም። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እንዲህ ያለ ጥሪ ዳግመኛ እንደማይመጣለት ያውቃል። ለክለቡ ፕሬዚዳንት በድብቅ ነግሮት ፕሬዚዳንቱ እሺ ብሏል፤ በወሩ መጨረሻ፣ የዝውውር መስኮቱ ሳይዘጋ፣ በጸጥታ ሊለቀው። «ደጋፊው አስቀድሞ ከሰማ ግን አፍንጫህን ላስ ብሎኛል። ክለቡን በላዬ ላይ አያቃጥሉብኝም አለ።»

ከዚያ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ፊት ፊቱን እያየ እንዲህ አለኝ፦

«የክለቡን በር የሚጠብቁት ሽማግሌ፣ ኪር ስታማቲስ፣ ከጓሯቸው ብርቱካን እየቀጠፉ ይሰጡኛል። በየቀኑ። ‹ለልጃችን› እያሉ። እቀበላለሁ፤ መብላት ግን አቃተኝ። ከኋላ ተከምሮ እየበሰበሰ ነው። ሸተተሽ አይደል? ከልምምድ በኋላ ሁሉም ሲሄድ እኔ መኪናዬ ውስጥ እቀመጣለሁ። ለሚወዱህ ሰዎች ልሂድ ማለት ሰርቆ እንደመያዝ ነው፣ ኢቫ። ገና ሳልሰርቅ የተያዝኩ ነው የሚመስለኝ።»

አለቀሰ። ቲሚዮስ ሲያለቅስ ካየሁት ብዙ ዘመን ሆኖኛል። አቅፌው ቆየሁ።

«ለማንም እንዳትነግሪ። ለእማም ቢሆን።»

«አበድክ? ለማን እነግራለሁ?»

እንዳልረሳው ያለውን ሁሉ ቃል በቃል ጻፍኩት። ለራሴ ነው።

ጃንዋሪ 8

አስራ አንድ ዓይነት «ልሂድ» ጻፍኩ። ዚሲስ አነበበ። «የባንክ ደብዳቤ ነው» አለ። ቀኑን ሙሉ አልበላሁም። ዝናብ።

ጃንዋሪ 9

ምን እንደነካኝ እንጃ። ከሰዓት በኋላ የቲሚዮስን ቃላት ጌሙ ውስጥ አስገብቼ ሞከርኳቸው፤ እንዴት እንደሚሆኑ ለማየት ብቻ። ሽማግሌው በር ጠባቂ፣ መኪናው፣ ሰርቆ መያዙ። ብርቱካኑን ፖም አደረግኩት።

አንድ ነገር ግን በደንብ ሠርቻለሁ፤ ይሄንን ለራሴ እመሰክራለሁ። ይህ ንግግር ከማንኛውም ተጫዋች አፍ ዝም ብሎ አይወጣም። ትናንት የመጣ አጥቂ እንዲህ ቢል ያስቃል። ቡድኑ ሲወርድ የቀረ፣ ደጋፊ የሚወደው፣ ወደ ሠላሳ የተጠጋ፣ ከመኸር ጀምሮ ወንበር ላይ ያለ፣ ታማኝነቱ ከፍ ያለ ሰው መሆን አለበት። እነዚህን አምስቱን መስፈርት ያላሟላ አይናገረውም። በፊት የጎደለን ይሄ ነበር፤ ሁሉም ተጫዋች በአንድ አፍ ነበር የሚናገረው።

ጃንዋሪ 12

ዚሲስ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ሁሉንም ጠራቸው።

«ይሄ ሰውዬ ማነው? ሄጄ ላቅፈው ነው!»

«ፈጥሬው ነው» አልኩ።

ቡጋጻ አስመጣልን፣ በክሬም የተሞላውን። ሁለት በላሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሥራዬን ወደድኩት።

ጃንዋሪ 13

የሙከራው ቅጂ ለበጎ ፈቃደኞቻችን ወጣ። በየከተማው አንድ አንድ አሉን፤ የክለባቸውን ልምምድ ሳይቀር ቆመው የሚያዩ፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ነጥብ የሚልኩልን። ክፍያቸው አዲሱን ቅጂ ከሰው ቀድመው መጫወት ነው። የአስትራፒው ፕሮድሮሞስ የሚባል ፋርማሲስት ነው። የቲሚዮስን ታማኝነት በየዓመቱ ከሃያ ሃያ ይሰጣል፤ ለወንድሟ አደላች እንዳልባል እኔ በየዓመቱ ሁለት እቀንሳለሁ።

ለፓሊዮስካላ እንዳይላክ ልከለክል አስቤ ነበር። ምን ብዬ? ደግሞስ ፖም ነው እኮ።

ቲሚዮስ ደወለ። ድምፁ ቀሎታል። ቀርጤስ ላይ ባሕር የሚያይ ቤት አይቻለሁ አለ፤ «ለአንቺና ለእማ አንድ ክፍል ይተርፋል።» የሙከራውን ቅጂ ነገር አላነሳሁበትም። ሥራ ነው፤ ለምን አሰለቸዋለሁ።

ጃንዋሪ 15

ፕሮድሮሞስ ቢሮ ደወለ። ጽሑፍ አይወድም፤ ሁልጊዜ ይደውላል፣ ሁልጊዜም በአክብሮት «ኪሪያ» ይለኛል።

«ኪሪያ ኢቫንቲያ! ምን አደረጋችሁን? ትናንት አስትራፒን ይዤ እየተጫወትኩ ቲሚዮስ ራሱ ቢሮዬ ገብቶ ልሂድ አይለኝም? የፖሙን ነገር ሲነግረኝ ሚስቴ ሳትቀር መጥታ አነበበች። የእኛው ስታማቲስ ብርቱካን፣ የእናንተው ፖም! ማን ነገራችሁ?»

ክው አልኩ።

«ጌም ነው፣ ኪር ፕሮድሮሞስ። አጋጣሚ ነው።»

ድምፄ አሳበቀብኝ መሰለኝ፣ ሳቁ በመሃል ቀጥ አለ። ከፋርማሲው በር ላይ ደወል ሲያቃጭል፣ ሰው ሲገባ ይሰማኛል።

«የልጁ መኪና ሁልጊዜ ሲመሽ እዚያው ነው የምትቆመው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ጉልበቱን ያመመው መስሎኝ ነበር።»

«እባክዎ ለማንም እንዳያሳዩት።»

«የከተማውን በሽታ ሁሉ የምይዝ ሰው ነኝ፣ ኪሪያ። ግን...»

«ግን ምን?»

«ጠዋት ካፌ ውስጥ የስክሪኑን ፎቶ ለደጋፊ ልጆቹ አሳየሁ። ለሳቅ ነው። እውነት መሆኑን መቼ አውቄ?»

«እውነት ነው አላልኩም!» ብዬ ጮህኩበት። ቢሮው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ጃንዋሪ 17

በዳታችን ውስጥ ካሉት ተጫዋቾች አምስቱን መስፈርቶቼን የሚያሟሉት ስንት እንደሆኑ ኮምፒውተሩን ጠየቅኩት። ዘጠኙን ቀን ይሄን አለመጠየቄ! ማንኛውም ጀማሪ የሚያደርገው ነገር ነው፤ መስፈርት ስታወጣ ስንት ሰው ላይ እንደሚያርፍ ታያለህ።

አንድ ሰው።

ለቲሚዮስ መልእክት ጻፍኩ፤ አጠፋሁት። ነገ ጨዋታ አለው፤ አልረብሸው። ከጨዋታው በኋላ እነግረዋለሁ። ምናልባትም ማንም ልብ አላለው ይሆናል።

ጃንዋሪ 18፣ እሁድ

በቴሌቪዥን አየሁት። ለማሟሟቅ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ ጥግ ሲሮጥ የመጀመሪያው ወደቀ። ከዚያ ሁለት። ከዚያ ዘነበ። ብርቱካን። ሽማግሌውም ልጁም ይወረውራል። «ብላ ቲሚዮ፣ ብላ!» እያሉ በዜማ። አስተያየት ሰጪው አልገባውም፤ «ደጋፊዎቹ ለየት ያለ አቀባበል እያደረጉ ነው» ይላል። ቲሚዮስ ቆመ። ወደ ደጋፊው ዞሮ እጁን ልቡ ላይ አደረገ፤ ምን ሊል ፈልጎ እንደሆነ አላውቅም። ደረቱን መቱት።

ደወልኩ። አያነሳም።

ጃንዋሪ 20

ዛሬ ቅዱስ ኤፍቲሚዮስ ነው፤ የስሙ ቀን። እናቴ ከጠዋት ጀምሮ ትደውልልኛለች።

«እንኳን አደረሰህ አልሽው?»

«አያነሳም፣ እማ።»

«ለእኔ አነሳ። ድምፁ ግን የእሱ አይደለም። ምን ተባባላችሁ ሁለታችሁ?»

እናቴ ናት የነገረችኝ፤ ጎረቤቷ አይታ። ትናንት አስትራፒ የቅዱስ ባስልዮስን የአዲስ ዓመት ኬክ ቆረጠ። በየዓመቱ በጃንዋሪ አንድ ምሽት ክለቡ ሁሉ፣ ቄሱ፣ ደጋፊው፣ ካሜራው ተሰብስቦ ለእያንዳንዱ ቁራሽ ይወጣለታል። ፕሬዚዳንቱ የቲሚዮስን ቁራሽ ሲቆርጥ ቢላዋውን ከፍ አድርጎ፣ «ወሬኞች ይስሙ! የዚህ ልጅ ቁራሽ የሚመጣውም ዓመት እዚሁ ነው! ከሥልሳ ሺህ ብርቱካን ጋር!» አለ አሉ። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ለቲሚዮስ ማይክ ሰጡት። «አመሰግናለሁ» አለ።

አለቀ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት እንዲህ ብሎ በሳምንቱ ተጫዋቹን የሚለቅ ፕሬዚዳንት የለም።

«ምን ብርቱካን ነው እሱ?» አለችኝ እናቴ።

«የኳስ ሰዎች ቀልድ ነው» አልኳት።

ጃንዋሪ 21

ደወለ። ሰላም አላለኝም።

«ፖም?»

«ቲሚዮ...»

«ፖም አደረግሽው? ይሄ ነው መደበቅ ያልሽው?»

«ስምህን አላነሳሁም። ማሽኑ ነው ስምህን ያመጣው፤ እኔ መስፈርት ብቻ ነው ያወጣሁት፣ ማብራራት እችላለሁ...»

«አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። መኪና ውስጥ ሳወራሽ ትሰሚኝ ነበር ወይስ ትጽፊ ነበር?»

እሰማህ ነበር አልኩት። እውነቴን ነው። እየሰማሁት ነበር። ግን መልሱ አፌ ላይ ዘግይቶ መጣ፤ መዘግየቱን እሱም ሰማው።

«ላንቺ ብቻ ነበር የነገርኩት» ብሎ ዘጋው።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ስምንት ዓመት እበልጠዋለሁ። ትምህርት ቤት ሲደበድቡት ዱላ ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ጃንዋሪ 23

ሥራ። ማሰብ የምችለው ስሠራ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ገባኝ። የእኛ ጌም ውስጥ ተጫዋቹ የሚጠይቀው በተዘጋ በር ነው፤ በሩ ግን የእውነት ተዘግቶ አያውቅም። ወሬው ሲወጣ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። አሰልጣኙ ሊለቀው ቢፈልግም አይችልም፤ ተጫዋቹም ቃሉን ቢያነሳ ማንም አያምነውም። ከዚያ የክለቡ አለቃ በሕዝብ ፊት አይሄድም ብሎ ይምላል፣ ልጁም ያመሰግናል። ይሄን ሁሉ አስገባሁት። ቀኑን ሙሉ ቀና አላልኩም።

ዚሲስ ከኋላዬ ቆሞ አነበበ። «ይሄን ከየት ነው የምታመጪው?» አለ።

የፖሙን ክፍል እናውጣው አልኩት። አንድ እውነተኛ ሰው ይመስላል አልኩት።

«ጥሩ ነገር ሁሉ አንድ ሰው ይመስላል። ኢንተርኔቱን አላየሽም? ሰው ሁሉ ይሄን ሊያይ ነው የሚገዛው!»

ማንን እንደሚመስል አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።

ጃንዋሪ 27

ሥራ ቀርቼ በአውቶቡስ ፓሊዮስካላ ሄድኩ። ከሜዳው በር ላይ አንድ አዛውንት በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ።

«ማንን ነው ልጄ?»

«ቲሚዮስን። እህቱ ነኝ።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«አሁን በኋላ በር ነው የሚወጣው። እኔን ላለማየት።» ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብ አድርገው፣ «ብርቱካኑ እኮ ምንም አልነበረም» አሉ። «ዛፉ ያፈራል፤ ሚስቴ ካረፈች ወዲህ የሚበላው የለም። አልፈልግም ቢለኝ ምን ነበረበት? ለሌላ እሰጠው ነበር። አልቀየመውም። ግን ሰው ሁሉ ሲያየኝ ይስቃል። እኔ ለሳቅ ነበር የሰጠሁት?»

«እሱ አይደለም ያወራው፣ ኪር ስታማቲስ።»

«ታዲያ ማነው?»

አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው አልኳቸው። የሚቀጥለው አውቶቡስ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረው ነበር። ጣቢያው ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። የቲሚዮስ መኪና በፊቴ አለፈች፤ አይቶኝ ይሁን አላውቅም፣ ፍሬን አልነካም።

ጃንዋሪ 28

ፖሙን፣ ሽማግሌውን፣ መኪናውን፣ ሰርቆ መያዙን በገዛ እጄ አጠፋሁ። ዚሲስ ሰማይና ምድሩን ቀላቀለው። ያን ጊዜ ነገርኩት፤ ወንድሜ ነው አልኩት። ካፖርቱን አነሳና ወጣ። ሲመለስ፣ «እኔም ጠርጥሬ ነበር። አለመጠየቅ ተመችቶኝ ነው» አለኝ። የጠፋውንም መልሺ አላለኝም።

ወሬው ሲወጣ የሚሆነውን ክፍል ግን ተውኩት። እሱ የማንም አይደለም።

ጃንዋሪ 31

መስኮቱ ተዘጋ። የቀርጤሱ ቡድን ሌላ የግራ ተመላላሽ ወሰደ፤ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ። ዜናው ሁለት መስመር ነው። የቲሚዮስ ስም የለበትም።

እናቴ ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ መክተፏን አላቆመችም። ስጨርስ፣ «ላንቺ ካልነገረ ለማን ይነግር ነበር?» አለችኝ። አልተቆጣችም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ፌብሩዋሪ 8፣ እሁድ

መደበኛው ተመላላሽ ቅጣት ላይ ስለሆነ ቲሚዮስ ተሰለፈ። አስትራፒ አሸነፈ። ጎል የሆነችውን ኳስ ያሻገራት እሱ ነው። ያው ሕዝብ ስሙን እየጠራ ዘመረለት፤ ከቀረማ የእኛ ልጅ ነው። እሱም ሄዶ ከፊታቸው ቆሞ አጨበጨበላቸው፤ ልክ እንደተቀሩት ተጫዋቾች፣ ለወጉ ያህል።

ማታ ደወልኩ። አነሳ!

«ቲሚዮ! እንዴት ነህ?»

«ደህና። ጥሩ ጨዋታ ነበር። ቡድኑ ጥሩ መንፈስ ላይ ነው።»

«አየሁህ እኮ። ኳሷን እንዴት እንዳሻገርካት!»

«ዋናው የቡድኑ ውጤት ነው። አሰልጣኙ ያዘዘንን ለማድረግ ሞክረናል።»

«እማ ናፍቃሃለች። እኔም... እዚያ ምን እንደሚሰማህ ብትነግረኝ። ምንም አልልም፤ እሰማሃለሁ ብቻ።»

«እዚህ ደስተኛ ነኝ። ደጋፊዎቻችንን ማመስገን እፈልጋለሁ፤ ከጎናችን አልተለዩም።»

ጋዜጠኛ አጠገቡ ያለ መስሎኝ ጆሮዬን ጣልኩ። ማንም አልነበረም። ሩቅ ላይ ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም ይሰማል፤ ብቻውን ቤቱ ነው።

«ቲሚዮ፣ እኔ ነኝ እኮ። ኢቫ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ።

ከዚያ ስለሚመጣው እሁድ ጨዋታ ነገረኝ። ተጋጣሚያቸው ከባድ ቡድን እንደሆነ፣ ግን እንደሚያከብሯቸውና እንደማይፈሯቸው።